ዲግሪ ሳይዙ ባሕር ማዶ ለማስተማር መሄድ፦ ዋሱ ማነው?

ሰሞኑን በተቋማችን ግቢ፣ በተለይም በእንግሊዝኛ ቋንቋ ሠልጣኞች ዘንድ፣ ከፈተና ውጤትና ከምግብ ቤቱ ወጥ ቀጥሎ አብዝቶ የሚነሣ ወሬ ቢኖር ባሕር ማዶ ተሻግሮ እንግሊዝኛ የማስተማር ጉዳይ ነው። ወሬው ሲጨመቅ የሚከተለውን ይመስላል፦ «በቻይና፣ በታይላንድና በቬትናም የእንግሊዝኛ አስተማሪ ጠፍቷል። ዲግሪ የሚጠይቅ የለም። መናገር መቻል ብቻ ይበቃል። ታዲያ እኛ እዚህ ቁጭ ብለን በመጀመሪያ ዲፕሎማ፣ ቀጥሎ የገጠር ምደባ፣ ከዚያም በየክረምቱ እየተመላለስን ዲግሪ እስክንይዝ ድረስ ፀጉራችን ሊሸብት ነውን?»

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እኔም በዚህ ግድግዳ ላይ ለመጻፍ የተነሣሁት ጠያቂዎቹን ለመገሠጽ አይደለም። ነገር ግን በጉዳዩ ላይ እስከ አሁን ሲሰጡ የምሰማቸው መልሶች ሁለት ብቻ ስለሆኑና ሁለቱም ስላልጣሙኝ ነው። አንደኛው ወገን «አገርህን ጥለህ የት ትሄዳለህ? ወላይታ መምህር ያስፈልገዋል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ሂድ፣ ዕድሜህን አታባክን፣ እገሌ እኮ ሄዶ ተለውጧል» ይላል። የመጀመሪያው ስብከት ነው፤ ሁለተኛው ወሬ ነው። ሰውየው እዚያ ሲደርስ ምን ወረቀት ይጠየቃል፣ ቢታመም ወይም ቢታሰርስ ማን ደርሶ ይጠይቀዋል የሚለው ነገር በሁለቱም ውስጥ የለም።

እስቲ ከወረቀቱ እንጀምር። ስለ ቻይና ብዙ ስለሚወራ ከእርሷ እንነሣ። በቻይና ደንብ መሠረት አንድ የውጭ አገር ሰው የቋንቋ መምህር ሆኖ የሥራ ፈቃድ እንዲያገኝ በመጀመሪያ ደረጃ ባችለር ዲግሪ ሊኖረው ይገባል። በዚህም ላይ የሁለት ዓመት የማስተማር ልምድ፣ ልምድ ከሌለው ደግሞ በትምህርት ሙያ የተገኘ ዲግሪ ወይም የታወቀ የቋንቋ ማስተማር ምስክር ወረቀት ይፈለግበታል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይኸውም ሰውየው እንግሊዝኛ አፍ መፍቻ ከሆነበት አገር የመጣ ነው ወይ የሚል ነው። በተግባር ሲታይ አገሮቹ ሰባት ናቸው፦ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ አየርላንድና ደቡብ አፍሪካ። ከአፍሪካ አንድ ብቻ መሆኗን ልብ ይሏል። ኢትዮጵያ የለችበትም።

ደቡብ ኮሪያም ለቋንቋ መምህራን በምትሰጠው ኢ-2 በተባለው ቪዛ የምትጠራው እነዚህኑ ሰባት አገሮች ነው፤ ዲግሪም ትጠይቃለች። ጃፓን ዲግሪ ትጠይቃለች። ቬትናም ዲግሪና የማስተማር ምስክር ወረቀት ትጠይቃለች። ታይላንድ ዲግሪ ትጠይቅና እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው የቋንቋ ፈተና ውጤት ትጨምርበታለች። እንግዲህ «ዲግሪ የሚጠይቅ የለም» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ እኔ አላውቅም፤ ከየአገሮቹ የሥራ ፈቃድ ደንብ ግን አልመጣም።

እርግጥ ነው፣ ዲግሪ ላልጨረሱ ሰዎች በሩን ከፍቶ የነበረ አንድ እውነተኛ ፕሮግራም አለ። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2021 ድረስ ቶክ በሚል ስም ባካሄደችው ፕሮግራም ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ወጣቶች በገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገብተው ልጆችን እንግሊዝኛ እንዲያስተምሩ ታደርግ ነበር። ይህ ለእኛ የተሠራ ይመስላል፤ የገጠር ትምህርት ቤት፣ ሕፃናት፣ ዲግሪ ያልያዘ መምህር! ይሁን እንጂ ከውጭ አገር ዜጎች መካከል ይቀበል የነበረው ከላይ የጠራኋቸውን ሰባት አገሮች ፓስፖርት የያዙትን ነበር። በኋላም ተዘጋ። ስለዚህ ዲግሪውን የተወ በር እንኳ ፓስፖርቱን አልተወም ማለት ነው።

«ታዲያ ሄደው የሚያስተምሩ ሐበሾች የሉም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አሉ። በትምህርት ቪዛ ወደ ቻይና ሄደው በትርፍ ጊዜያቸው በሕፃናት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ብዙ አፍሪካውያን ተማሪዎች እንዳሉ የታወቀ ነው። ወሬው ሲዞር የሚቀረው ግን ሁለተኛው ግማሽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ የሚገኘው የቻይና የመግቢያና የመውጫ ሕግ ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘን የውጭ አገር ሰው ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ያስቀጣል፤ ጥፋቱ ከበድ ካለም ከ5 እስከ 15 ቀን ያሳስራል። ከቅጣቱም ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ተማሪ የሦስት ወር ደመወዙን ቢከለከል ለማን ይከሳል? ወደ ፖሊስ ቢሄድ የሚጠየቀው ራሱ ነው። ቀጣሪውም ይህንን አሳምሮ ስለሚያውቅ ሲፈልግ ይከፍላል፣ ሳይፈልግ ይተዋል።

አንዳንዱ ደግሞ «ለምን ትሄዳለህ? ከዚሁ ከሶዶ ሆነህ በኮምፒዩተር ታስተምራለህ» ይላል። መብራትና ኔትዎርክ ከፈቀዱ! ቀልዱን ትተን፣ በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ቪፕኪድ የተባለው የቻይና ድርጅት ይቀጥር የነበረው ከአሜሪካና ከካናዳ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ደግሞ የቻይና መንግሥት ውጭ አገር ተቀምጠው የቻይና ልጆችን የሚያስተምሩ የውጭ መምህራንን መቅጠር ስለከለከለ ያ ገበያ በአንድ ጊዜ ወደቀ።

በዚህ ላይ ብናደድ አይፈረድብኝም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛን እስከ ማስተርስ የተማረ መምህር «አፍ መፍቻህ አይደለም» ተብሎ ሲመለስ፣ በባዮሎጂ የተመረቀ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ በፓስፖርቱ ምክንያት ብቻ የቋንቋ መምህር ይባላል። እኛ በታሪካችን እንዲህ አላደረግንም። በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ካስተማሩት የውጭ አገር መምህራን መካከል እጅግ ብዙዎቹ ህንዳውያን ነበሩ፤ በተለይም ከኬረላ የመጡት። እንግሊዝኛ የእናታቸው ቋንቋ አልነበረም። ሆኖም ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ ያስተማሩት፣ እንግሊዝኛውንም ራሱን ያስተማሩት እነርሱ ነበሩ። የዚያን ጊዜ ተማሪዎች የአነጋገራቸውን ዘዬ እያስመሰሉ ይስቁ ነበር ይባላል፤ ግን ተምረውበታል፣ መሐንዲስና ሐኪምም ሆነውበታል። አንድ የወላይታ ልጅ በቤቱ ወላይትኛ፣ በገበያ አማርኛ፣ በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ እየተናገረ ያድጋል። ሌላ ቋንቋ መማር ምን ያህል እንደሚያስቸግርና የት ላይ እንደሚያደናቅፍ ያውቃል። በአንድ ቋንቋ ብቻ ያደገ ሰው ይህን ከመጽሐፍ ካልሆነ ከየት ያገኘዋል?

ነገር ግን ንዴት ቪዛ አይሆንም። ሕጉ አድሏዊ ነው ብሎ መናገር አንድ ነገር ነው፤ ሕጉ የለም ብሎ ሻንጣ ማሠር ሌላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ግልጽ እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ። ዲግሪ ሳይጨርሱ ማስተማር በራሱ ነውር ነው አላልኩም። እንዲያውም የአገራችን ትምህርት በአብዛኛው የተገነባው ባልጨረሱ ሰዎች ነው ለማለት ይቻላል። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለውን ደንብ ሥራ ላይ ሲያውል፣ ተማሪው ትምህርቱን ከማጠናቀቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ እንዲያገለግል ግዴታ ሆነ። አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነበር። ያንን ዓመት ያላገለገለ ዲግሪውን አያገኝም ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በመጀመሪያው ዙር በአምስት ቋንቋዎች ሲካሄድ አንዱ ወላይትኛ ነበር፤ ከአስተማሪዎቹም መካከል ገና ከሁለተኛ ደረጃ ያልወጡ ተማሪዎች በብዛት ነበሩበት። በ1955 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጡት ከ270 የማያንሱ የአሜሪካ የሰላም ጓዶችም (ፒስ ኮር የምንላቸው ማለት ነው) ዲግሪ ይኑራቸው እንጂ ብዙዎቹ በሕይወታቸው ጠመኔ ይዘው የማያውቁ ነበሩ። ጎበዞቹ ጎበዝ ሆኑ፤ ያልሆነላቸውም ሁለት ዓመታቸውን ጨርሰው በሰላም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

«በሰላም ተመለሱ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ወደ ገጠር ሲወጣ የላከው ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ኪስ ገንዘቡን የሚከፍል አካል ነበር፤ ሲመለስም ወንበሩ ይጠብቀው ነበር። የሰላም ጓዱንም የላከው መንግሥቱ ነበር፤ ቢታመም ሐኪም ነበረው፤ ችግር ቢነሣ ኤምባሲው አዲስ አበባ ነበር። ከእነርሱ መካከል ዲግሪ የያዘም ያልያዘም ነበረ። ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ግን ላኪ ነበራቸው፤ ማለትም ዋስ ነበራቸው።

በእኛ አገር ሰው ሲቀጠር ዋስ ይጠራል። ገንዘብ ያዥ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ሾፌር፣ ሌላው ቀርቶ የሱቅ ሻጭ ዋስ ሳይጠራ ሥራ አይጀምርም። ዋስነቱ ግን ለቀጣሪው ነው፤ ተቀጣሪው ዕቃ ይዞ ቢጠፋ ዋሱ ይከፍላል። ወደ ባሕር ማዶ ሲኬድ ነገሩ ይገለበጣል። በሰው አገር፣ ቋንቋውን በማያውቁበት፣ ሕጉን በማያነቡበት ቦታ ቀጣሪው የት ይጠፋል? ሊጠፋ የሚችለው ተቀጣሪው ነው። ስለዚህ ዋስ መጠራት ያለበት ለእኛ ነው። አንድ ሰው «ሥራ አግኝቼልሃለሁ» ሲለን ስለ ደመወዙ ከመጠየቃችን በፊት ልንጠይቀው የሚገባን «እኔ ብጠፋ አንተን የት ይዞ ይጠይቅሃል ወላጄ?» የሚለውን ነው። አድራሻው የስልክ ቁጥር ብቻ ከሆነ መልሱ ታውቋል።

ይህን የምለው እንዲያው ለማስፈራራት አይደለም። በዲግሪ ጉዳይ ላላ ትላለች እየተባለች በዶርሙ ወሬ ውስጥ የምትነሣው ካምቦዲያ ናት። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት ግን በካምቦዲያ ወደ 100,000 የሚሆኑ፣ በምያንማር ደግሞ ቢያንስ 120,000 ሰዎች በግድ በኢንተርኔት የማጭበርበር ሥራ ላይ ሳይሰማሩ እንዳልቀረ ገምቷል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በምያንማር ከታይላንድ ድንበር አጠገብ ካለችው ከማያዋዲ አካባቢ ወደ 7,000 የሚጠጉ ሰዎች ከእንዲህ ዓይነቶቹ ግቢዎች ሲወጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ተገኝተውባቸዋል። እነዚህ ሰዎች ያልተማሩ አልነበሩም። ነገሩ የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው። ታይላንድ ውስጥ ጥሩ የቢሮ ሥራ አለ፣ እንግሊዝኛ የሚችልና ኮምፒዩተር የሚነካ ይፈለጋል ተብለው የሄዱ ናቸው። ማለትም ወጥመዱ የተጠመደው እንግሊዝኛ ለሚችል ወጣት ነው። እኛ ለምንመስል ሰዎች ነው።

የእኛ አካባቢ ሰው ደግሞ ከዚህ በፊት ሌላውን መንገድ ያውቀዋል፤ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከዚሁ ከወላይታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደውን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር በኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የሞቱ 64 ሰዎች ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተነገረ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ ምዚምባ የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬን ተጥሎ ተገኘ። በሬ ተሸጦ፣ መሬት በኮንትራት ተሰጥቶ የሚከፈለው ገንዘብ የት እንደሚደርስ ከእኛ ይልቅ እናቶቻችን ያውቃሉ። አውሮፕላን ስለተሳፈርን፣ «መምህር» የሚል ቃልም በወረቀቱ ላይ ስለተጻፈ ብቻ ከዚያ መንገድ የወጣን አይምሰለን። ልዩነቱ የመጓጓዣው ነው።

ለእህቶቻችን ደግሞ አንድ የተለየ ነገር መናገር ይገባኛል። «ዐረብ አገር የልጆች አስተማሪ» እየተባለ የሚወራ ሥራ አለ። በዚያ አካባቢ የውጭ አገር ሠራተኛ የምትገባበት ሥርዓት ካፋላ ይባላል። ቃሉ በዐረብኛ ዋስትና ማለት ነው፤ ዋሱም ካፊል ይባላል። ስሙ ሲሰማ ደስ ያሰኛል፤ ዋስ ተገኘ! ግን ዋሱ ራሱ አሠሪው ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ በእርሱ ስም የታሠረ ስለሆነ ከቤቱ በወጣች ጊዜ ፈቃድ እንደሌላት ትቆጠራለች። አንዳንዶቹ አገሮች በቅርብ ዓመታት ሥርዓቱን አሻሽለናል ብለዋል፤ ይበል። ሆኖም ቪዛው የተጠየቀው በትምህርት ቤት ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ቤት ስም ከሆነ፣ ሥራው ፊደል ማስቆጠር ቢባልም ማጀት መሆኑ አይቀርም። በማጀት መሥራት ነውር አይደለም። ሳያውቁ መግባቱ ነው ጉዳቱ።

በአገራችን ስላለው ሕግም ብዙዎቻችን የምናውቀው ጥቂት ነው። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው የፓስፖርቱን፣ የሕክምና ምርመራውን፣ የክትባቱንና ይህን የመሳሰለውን ነው። እንግዲህ አንድ ሰው «ለቪዛና ለትኬት ይህን ያህል ሺህ ብር አምጣ» ካለን፣ ያ ሰው ሕጉን አያውቅም፤ ወይም ያውቃል፣ እኛ እንደማናውቅም ያውቃል። ሁለተኛው የባሰ ነው። በተጨማሪም «ዲግሪውን እኔ አሠራልሃለሁ» የሚል ደላላ አይታጣም። ሐሰተኛ ዲግሪ ይዞ የሄደ ሰው ሐሰቱን የሚያውቅ አንድ ሰው እንደ ዕዳ ከኋላው ይዞ ነው የሚሄደው። በማግስቱ ደላላው ስልክ ደውሎ ገንዘብ ቢጠይቀው ምን ይላል?

ይህን ሁሉ ስጽፍ ከመምህራኖቻችን መካከል «ደግ ተናግሯል፤ እንግዲህ አርፋችሁ ተቀመጡ» የሚሉ እንዳይኖሩ እሠጋለሁ። ሐሳቤ እርሱ አይደለም። መምህር የሆነ ሰው ውጭ አገር የሚያስመኘው ፊልም አይቶ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በዞናችን የመምህራን ደመወዝ ለወራት ዘግይቶ በርካታ ትምህርት ቤቶች ሥራ አቁመው እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ወር ጠብቆ ደመወዙን ያላገኘ መምህር የቤት ኪራይ የሚከፍለው በአገር ፍቅር አይደለም። ያንን ያየ ሠልጣኝ ዓይኑን ወደ ውጭ ቢወረውር ከሃዲ ሊባል አይገባም። እንዲያውም የወላይታ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሥራ ወዳለበት የሚሄድ ነው፤ ወደ ወንጂና ወደ መተሐራ የሸንኮራ እርሻ፣ ወደ አዋሽ ጥጥ፣ ወደ አዲስ አበባ። መሬቱ ጠባብ ነው፤ ሰው ብዙ ነው። ጉዞውን ማቆም አይቻልም፤ ዋስ ማበጀት ግን ይቻላል።

ይቻላል ስል በምኞት ብቻ አይደለም። ህንድ ከደቡብ ኮሪያ ጋር ባደረገችውና እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ላይ በዋለው የኢኮኖሚ ስምምነት የማስተማር ብቃት ያላቸው ዜጎቿ በረዳት የእንግሊዝኛ መምህርነት እንዲገቡ በር አስከፍታለች። ዚምባብዌ ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ከሩዋንዳ ጋር ተዋውላ በሚቀጥለው ዓመት መምህራን ልካለች። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 የትምህርቷን ቋንቋ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመለወጥ የወሰነች አገር ስለሆነች እንግሊዝኛ የሚችል መምህር ትፈልጋለች። ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳንም የመንግሥት ቋንቋዋ እንግሊዝኛ ነው። ሁሉም ሰው ቻይና ቻይና ሲል፣ እንግሊዝኛችን ከፓስፖርታችን ቀለም በፊት ሊታይ የሚችለው በእነዚህ ቅርብ አገሮች ይመስለኛል። እዚያም ቢሆን ትልቁ ልዩነት መምህሩ ብቻውን አለመሄዱ ነው። ውሉ በመንግሥትና በመንግሥት መካከል ሲሆን ደመወዝ የቀረበት መምህር የሚያመለክትበት ቦታ ይኖረዋል። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ለቤት ሠራተኞችና ለልዩ ልዩ ሙያዎች ስምምነት ሲፈልግ መምህራንን ለምን አያስብም? የመምህራን ማኅበርስ ይህን ጉዳይ ለምን አያነሣም? በእኔ በኩል ይህ ከደመወዝ ጥያቄ ቀጥሎ ሊነሣ የሚገባው ነው።

ደግሞም እኮ ልካችንን እንወቅ። ለመላክ ብቁ ነን ወይ? ከ2014 እስከ 2017 ዓ.ም. በተሰጡት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በቅደም ተከተል 3.3፣ 3.2፣ 5.4 እና 8.4 ከመቶ ነበሩ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። እኛም ከዚያው ፈተና የመጣን ነን። በዚህ ግቢ ውስጥ ሰዋስው የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ፤ አክቲቭና ፓሲቭ ስንለዋወጥ የሚችለን የለም። ግን አምስት ደቂቃ ቆመን ስለ ዳሞታ ተራራ ለአንድ እንግዳ በእንግሊዝኛ አስረዱ ብንባል ስንቶቻችን አፋችን ይፈታል? የተግባር ልምምድ ስንወጣ በየክፍሉ የሚታየው መምህሩ እንግሊዝኛውን በአማርኛ፣ አማርኛውን ደግሞ በወላይትኛ ሲተረጉም ነው። ለልጆቹ ሲባል መተርጎሙ አይከፋም፤ የሚከፋው እንግሊዝኛው እዚያው ሲቀር ነው። ይህን እንግሊዝኛ ይዞ ሩዋንዳም ቢሆን አይኬድም።

የክረምቱን ዲግሪም ቢሆን በዚህ ዓይን ብናየው ይሻላል። ዕድሜ የሚያባክን መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ከላይ እንዳየነው በየትኛውም ሕጋዊ በር ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ ሁለተኛው የሥራ ልምድ ነው። በገጠር ትምህርት ቤት እያስተማሩ በክረምት መማር ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያስገኛል። ከቦሎሶ ሶሬ የወጡት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ እ.ኤ.አ. በ1988 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምሕንድስና ከተመረቁ በኋላ በአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሠርተው ነው ለማስተርስ ወደ ፊንላንድ ታምፔሬ የሄዱት። ሁላችንም ጠቅላይ ሚኒስትር እንሆናለን አይደለም ነገሩ፤ ዲግሪ ይዘው፣ የሥራ ቤት ኖሯቸው ሄዱ ለማለት ነው።

ለተቋማችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የእንግሊዝኛ ክበባችን አሁን የሚሠራው በዓመት አንድ ጊዜ ድራማ ማሳየት ነው። ከዚያ ይልቅ በየሳምንቱ አንድ ማስታወቂያ ወይም አንድ የሥራ ውል እያነሣ በእንግሊዝኛ ቢያነብና ቢከራከርበት ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ እንናገራለን፤ ሁለተኛ ውል ማንበብ እንማራለን። በሦስት ዓመት ሥልጠና ውስጥ ሼክስፒር ማን እንደሆነ እንማራለን፤ «የሙከራ ጊዜ» ወይም «ውል ማፍረሻ» የሚለው አንቀጽ ምን እንደሚል ግን የሚያስተምረን የለም። መምህራኖቻችን ደግሞ ቀጣሪው ትምህርት ቤት በእርግጥ መኖሩን፣ ቪዛው የሥራ ወይስ የጉብኝት መሆኑን፣ ላኪው ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ መሆኑን እንዴት እንደሚጣራ ቢያሳዩን ከስብከቱ ይበልጥ ይጠቅመን ነበር። የጉብኝት ቪዛ ይዞ «እዚያ ስትደርስ ይቀየርልሃል» የተባለ ሰው በእኛ መካከል እንዳለ ሰምቻለሁና ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም።

ከክበቡ አባላት ጋር ተነጋግረን በዚህ ግድግዳ ላይ ከስፖርት ዓምዱ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ቦታ ለዚሁ ሥራ እንዲተውልን የጋዜጣውን አዘጋጆች ጠይቀናል፤ ተፈቅዶልናል። በስልካችሁ የደረሳችሁ ወይም በከተማው ፎቶ ኮፒ ቤቶች ተለጥፎ ያያችሁት የባሕር ማዶ የማስተማር ሥራ ማስታወቂያ ካለ በወረቀት ገልብጣችሁ እስከ ዓርብ ማታ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ባለችው ሣጥን ውስጥ ክተቱ። የራሳችሁን ስም መጻፍ አያስፈልግም። የላኪውን ስም ግን እንዳትረሱ።